ካርዱን እዘጋዋለሁ

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 14 ጠዋት፣ ፖስታው ከመድረሱ በፊት ነገሩ እንዲህ ነበር። የሃልቮርሰን ቤተሰብ የጉዞ ካርድ ዓመታዊ ክፍያ አምስት መቶ ሃምሳ ዶላር ነው። በካርዱ ሲገበያዩ የተጠራቀመው፣ ትኬት የሚገዛው ነጥብ 184,320 ነው። ከሚኒያፖሊስ ሊዝበን ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ የሚፈጀው 176,000 ነው። ሊዝበን የምትኖረው ልጃቸው ብሪታ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድበት ቀን ፌብሩዋሪ 20 ተብሎ ተቆርጦላታል።

ኢንገር ሃልቮርሰን እነዚህን ቁጥሮች በእርሳስ ጽፋ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋቸዋለች። በዱሉዝ ከተማ የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ስለሠራች ያልተጻፈ ቁጥር አታምንም። ትኬቱ ግን ገና አልተቆረጠም። «ቆይ» ያላት ቬርን ነው። ባሏ ቬርን ጡረታ የወጣ የእንጨት ሥራ መምህር ሲሆን፣ ካርዱ የእሱ ግዛት ነው።

ካርዱ ስጦታ አያጣም፤ የሚሰጠው ግን እየቆነጠረ ነው። በየወሩ አሥር ዶላር ለታክሲ፣ አሥራ አምስት ዶላር ቤት ድረስ ለሚመጣ ምግብ፣ በየስድስት ወሩ ሃምሳ ዶላር ለአንድ ውድ መደብር። ያልተጠቀሙበት ይቃጠላል። ስለዚህ በየወሩ የመጨረሻ ቀን፣ ራባቸውም አልራባቸውም፣ ከማይወዱት ምግብ ቤት ኑድል ያዛሉ። ቬርን ስድስት መቶ ሜትር ርቆ ወዳለው ፀጉር ቤት በታክሲ ይሄድና በእግሩ ይመለሳል። ምድር ቤቱ ውስጥ ከዚያ መደብር የመጡ፣ ማንም ያልለኮሳቸው ሰባት ሻማዎች ተደርድረዋል፤ የእያንዳንዱ ዋጋ ሃምሳ ዶላር ነው።

ፖስታው አምስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ቬርን ኮቱን ሳያወልቅ እዚያው ቆሞ አነበበው።

«ሰባት መቶ ዘጠና አምስት!» አለ። «አንቺ፣ ሰባት መቶ ዘጠና አምስት አድርገውታል! ደግሞ አየር ማረፊያው ላውንጅ፣ ማረፊያ አዳራሹ ውስጥ እንግዳ በነፃ ማስገባት ቀርቷል። እኔ እገባለሁ፣ አንቺ ውጪ ትቀሪያለሽ።»

«እንግዳዋ እኔ ነኝ?»

«እነሱ ናቸው ያሉት፣ እኔ አይደለሁም።»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት ካልሲህን ስሰበስብ ኖሬ እንግዳ ሆንኩ ማለት ነው። በል ትኬቱን ዛሬውኑ እንቁረጥ፤ የካርዱን ነገር በኋላ እንነጋገራለን።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ልደውልላቸው። ‹ካርዱን እዘጋዋለሁ› ስትያቸው እኮ ይርበተበታሉ። ጎረቤታችን ኦርቪል አምና እንዲህ ብሎ ሠላሳ ሺህ ነጥብ መርቀውለታል።»

«ቢዘጉብህስ?»

«እኔን? የዘጠኝ ዓመት ደንበኛቸውን? እያለቀሱ ነው የሚለምኑኝ።»

ኢንገርም እንድትሰማ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ያነሳው አንድ ወጣት ነበር።

«ካርዱን መዝጋት እፈልጋለሁ» አለ ቬርን፣ ድሮ ተማሪ በሚቆጣበት ድምፁ፣ ለኢንገር በዓይኑ እየጠቀሰ።

«ይገባኛል፣ ጌታዬ። እርግጠኛ ነዎት?»

«በጣም።»

ቬርን ጠበቀ። ከወዲያ በኩል የሚሰማው የኮምፒውተር ቁልፍ ድምፅ ብቻ ነው።

«ከተዘጋ ነጥብዎ እንደሚሰረዝ ላሳውቅዎ ይገባል። ይስማማሉ?»

ኢንገር እጇን አንስታ አወዛወዘች። ቬርን ግን ልመናው የሚጀምረው ይሄኔ ነው ብሎ ገምቷል።

«ሁሉንም ውሰዱት!» አለ።

«እሺ፣ ተዘግቷል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ስልኩ ላይ የንግግሩ ርዝመት ታየ፦ አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሴኮንድ። ኢንገር የካርዱን የኢንተርኔት ገጽ ከፈተች። ነጥብ፦ ዜሮ።

ትኬቱ በጥሬ ገንዘብ ሲታይ ለአንድ ሰው 1,480 ዶላር ነበር። የቤቱ ማሞቂያ በዲሴምበር ተበላሽቶ አዲስ ስላስገቡ ባንክ የቀራቸው 1,100 ነው። ለአንዳቸው እንኳ አይበቃም።

«ኢንገር» አለ ቬርን። ከነኮቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ያያል።

ላቦራቶሪ ውስጥ ናሙና ሲደፋ ኢንገር መጀመሪያ የምታየው ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን ነበር። አሁንም ከመሳቢያው የካርዱን የውል መጽሐፍ አወጣች። መነጽሯን አድርጋ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ደውል» አለችው። «ማንነትህን ብቻ ንገርና ለእኔ ስጠኝ።»

በዚህኛው ጊዜ ያነሳችው ዊልኔት የምትባል ጎልማሳ ሴት ናት። ኢንገር ጉዳዩን ከነሰዓቱ ነገረቻት።

«ባለቤትዎ ሊያስፈራሩን ብለው ነው አይደል?» አለች ዊልኔት። «አይፈሩ፣ የእርስዎ ሰውዬ ለዛሬ ስድስተኛዬ ናቸው።»

«ሌሎቹ ምን ሆኑ?»

«ሚስት ያላቸው መልሰው ደውለዋል።»

ኢንገር ሳታስበው ሳቀች። ቬርን ጆሮው ቀላ።

ዊልኔት ገጽ አሥራ ዘጠኝን አረጋገጠች። የተዘጋ ካርድ በሠላሳ ቀን ውስጥ ከነነጥቡ ይከፈታል። ሰባት መቶ ዘጠና አምስቱ ከከበዳቸው ደግሞ ወደ ተራው ካርድ መዛወር ይችላሉ፤ ክፍያው በዓመት ዘጠና አምስት ዶላር ነው፣ ነጥባቸውም አይነካም።

«ላውንጅ ግን የለውም» አለች። «ታክሲውም፣ የምግቡም፣ የመደብሩም ይቀራል።»

«ኑድሉ ይቀራል?» አለ ቬርን ከጎን።

«ይቀራል፣ ጌታዬ።»

ቬርን ኢንገርን አየ፤ ኢንገርም አየችው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮቱን አወለቀ።

ነጥቡ ተራው ካርድ ላይ እስኪመለስ ሁለት የሥራ ቀን ይፈጃል ተባሉ። ኢንገር ሐሙስ ዕለት ገጹን አሥራ አራት ጊዜ ከፈተችው፤ አሥራ አራቱንም ጊዜ ዜሮ ነበር። አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ 184,320 ሆኖ አገኘችው። ቬርን አፉን ሲከፍት ጣቷን ቀሰረችበት።

«‹ቆይ› ብትል ከነሻማዎችህ ነው የማስወጣህ።»

«ቁረጪ ልልሽ ነበር እኮ» አለ።

የወሩ የመጨረሻ ቀን ኑድል አላዘዙም። ከትናንት የተረፈውን የድንችና የሥጋ ካሴሮል አሙቀው በሉ። ቬርን ከሻማዎቹ አንዱን አምጥቶ ለኮሰው።

«የረጠበ ውሻ ነው የሚሸተው» አለች ኢንገር።

«ሃምሳ ዶላር የወጣበት ውሻ ነው» ብሎ አጠፋው።

ፌብሩዋሪ 12 ሚኒያፖሊስ አየር ማረፊያ ውስጥ፣ በላውንጁ የመስታወት በር ፊት አልፈው ሄዱ። መሳፈሪያ በር አሥራ አንድ ፊት ለፊት ባሉት የፕላስቲክ ወንበሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ከቤት ያመጡትን ሳንድዊች በሉ። ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ጠበቁ።

ሕፃኗ የተወለደችው በደረሱ በአራተኛው ቀን ነው። ኢንገር ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አንብባ ጻፈችው፦ 3,460 ግራም።