የታያ ሁለት ድርሰቶች

ካፒቶሊና አርካድዬቭና ያንኑ ረጅም ግጥም ሃያ ስድስት ዓመት አስተምራለች። ሰሌዳው ላይ በግራ ያረጁትን ቃላት ከነፍቺያቸው፣ በቀኝ ሦስቱን ጭብጦች ትጽፋለች፦ የከተማይቱ ክብር፣ የትንሹ ሰው ሐዘን፣ የመንግሥት ዓላማ ከግል ኑሮ መብለጡ። በግጥሙ ውስጥ አንድ ንጉሥ ወንዝ ዳር ከተማ ይሠራል፤ ወንዙ ሞልቶ የአንድ ምስኪን ጸሐፊ እጮኛን ይወስዳል፤ ጸሐፊው ያብዳል። ዘንድሮ መጻፉም ማስረዳቱም ታክቷታል።

የዘንድሮ ተማሪዎቿ ስለ ጎርፍ የሚነግራቸው ግጥም አላስፈለጋቸውም። ፀደይ ሲመጣ የቮልጋ ወንዝ ተገድቦ ከተማቸው ውሃ ውስጥ ትገባለች። ግማሹ ሕዝብ የቤቱን ግንዶች ቁጥር እየቀረጸባቸው አፍርሶ በወንዝ ወደ አዲሱ ሰፈር ልኳቸዋል። ግንዱ የበሰበሰ ቤት ግን አይጓዝም፤ የመንግሥት ኮሚሽን በሩ ላይ ምልክት ያደርግበትና ይቃጠላል። ግጥሙ በዚህ ዓመት ይሰጥ ያለው ሰው ይህን አላሰበበትም። አስቦበት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

የታያ ሉኪናን ድርሰት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ልጅቷ ስለ ጸሐፊው ጀምራ አንድ ገጽ ሳትሞላ ወደ አያቷ ወደ ኒካኖር ዞራለች። ሽማግሌው በሩ ምልክት ተደርጎበትም አልወጣም ብሏል። ኮሚሽኑን ምን ብሎ እንደሰደበ፣ በእነማን ላይ ጡጫውን እንደነቀነቀ ታያ ስም እየጠራች ጽፋዋለች። ድርሰቶቹ ሐሙስ ወደ አውራጃ ይላካሉ። ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስደው ያልተመለሱ ሽማግሌዎችን ካፒቶሊና ታውቃለች።

ከትምህርት በኋላ አስቀረቻት።

«እንደገና ጻፊው» አለቻት። «አያትሽን አውጪው።»

«ግጥሙ ለትንሹ ሰው ያዝናል ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፣ ካፒቶሊና አርካድዬቭና።»

«ግጥሙ ይዘንለት። ግጥሙን መጥቶ የሚወስደው የለም። አያትሽን ግን ይወስዱታል።»

 ታያ ቁጭ ብላ ስትጽፍ መምህሯ የመጀመሪያውን ድርሰት ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለተኛው መጣ፤ ጽሑፉ ንጹሕ፣ ሦስቱ ጭብጦች በየተራቸው ተሰልፈው። ጸሐፊው በጊዜ ወደ አዲሱ ሰፈር ተዛውሮ ቢሆን ኖሮ እጮኛውን ባላጣ ነበር ብላ ደምድማለች። ካፒቶሊና አምስት ሰጠቻት፤ ከአምስት በላይ ነጥብ የለም። መምህሯ ከሐፍረት የተነሣ ቀና አላለችም።

«የመጀመሪያውን ይመልሱልኛል?» አለች ታያ።

«ምን ያደርግልሻል?»

«አያቴ ማንበብ አይችልም። ዛሬ አነብልሃለሁ ብዬው ነበር። ስለ እኔም ይጻፋል እንዴ ብሎ ጢሙን አበጥሮ እየጠበቀኝ ነው።»

ካፒቶሊና በዓይኗ ምድጃውን አሳየቻት።

«እሺ» አለች ልጅቷ። ሻርፗን አስራ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች። በኃይል ብትዘጋው ይሻል ነበር።

ካፒቶሊና ባዶ ወረቀት ስባ ብዕሯን ቀለም ነከረች። የተቃጠለውን ድርሰት ከትዝታዋ ጽፋ ራሷ ለሽማግሌው ልታነብለት ነው። መቼም የዚያን ሁሉ ገጽ ግጥም በቃሏ የምትወጣ ሴት ናት። አራት ገጽ የልጅ ድርሰት እንዴት ያቅታታል?

ሦስት ስሞች ትዝ አሏት። ስድቡ ከነቃሉ ትዝ አላት። ጡጫውም። ልጅቷ ስለ አያቷ ስለ ራሱ ምን እንዳለች ግን አንድ መስመር አልመጣላትም፤ ሁለቱንም ጊዜ ያነበበችው ሽማግሌውን የሚያስወስደውን ቃል እየፈለገች ነበር።