ደጅሽን አትዝጊ

አምባቸውን አልወደውም። ያኔም አልወደውም ነበር፣ አሁንም አልወደውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ልቤ የራራለት እንዳይመስላችሁ ነው።

እኔ አልቃሽ ነኝ። ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት አጥቢያዎች ሰው ሲሞት እታገኘሁን ጥሩ ይባላል። ግጥሙን እኔ አወርዳለሁ፣ ሸዋረግና ሌሎቹ ሴቶች ይቀበሉኛል፣ ሐዘንተኛው መሃል ቆሞ ደረቱን ይደቃል። አምባቸውም ገጣሚ ነው፤ የእሱ ግን የዘፈን ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ቃሉንም ዜማውንም ያወጣል፤ አንጀት የሚበላ ድምፅ ያላቸው ሰዎች በጡሩንባና በጊታር ያዜሙለታል፤ ሸክላ ይታተማል፤ ሬዲዮው ጠዋት ማታ ያጫውተዋል። የጎረቤቴ የእትዬ ወርቅዬ አንድ ልጅ ነው። ዘፈኑ አልቆ ጋዜጠኛው "ግጥምና ዜማ አምባቸው" ሲል ሰፈሩ እልል ይል ነበር። እኔ አልልም። በእኛ ሙያ ግጥም የሚወጣው ሬሳ ፊት ቆሞ ነው። ወንበር ላይ ተደላድሎ ለማያውቃት ሴት የሚጽፈውን ሰው እንዴት ብዬ የሙያ ጓደኛዬ ልበለው?

ሬዲዮውን ለእናቱ የላከው በ1964 ዓ.ም. ነው፣ በጭነት መኪና ሾፌር እጅ። ራሱ አልመጣም፤ መኪናው ግን መጥቶ ተመለሰ። እትዬ ወርቅዬ በነጭ ሻሽ ጠቅልለው ራስጌያቸው አኖሩት። የባትሪው ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጡትና መልሰው ይከቱታል፤ ለሁለት ለሦስት ቀን ነፍስ ይዘራል። የዚያን ጊዜ አገሩን ያጥለቀለቀው የልጃቸው ዘፈን እንዲህ ይል ነበር፦

ክረምቱ ሲወጣ እመጣልሻለሁ፣
ደጅሽን አትዝጊ፣ መንገድ ላይ ነኝ ያለሁ።

የሚዘፍነው ሌላ ሰው ነው፤ ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። ግን ቃሉ የልጃቸው ስለሆነ ልጃቸው የሚያናግራቸው ነው የሚመስላቸው። "እታገኘሁ፣ ይኼ ለኔ የላከው አይደለም ትያለሽ?" አሉኝ አንድ ቀን። ሳቅኩ። ያኔ ገና ሳቅ ነበረን።

በ1965 በልጉ ቀረ። ከዚያ በፊት የነበረውም ክረምት ሲያሾፍብን ነበር ያለፈው። በሬው ሄደ፣ ጥጃው ሄደ፣ ቀጥሎ ሰው ከለበሰው ላይ እየቀነሰ ይሸጥ ጀመር። ግንቦት ላይ ደግሞ ሰው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ይጎርፍ ያዘ። መሻገር ዓባይ ሳይሞላ ነው፤ ከሞላ ወዲያ ወራት ሙሉ መንገድ የለም። እኔና ባሌ ካሳ ልጃችንን ንግሥቴን ይዘን ልንወጣ ቆረጥን። ልንነሳ ባልንበት ጠዋት እትዬ ወርቅዬ ደጃችን መጥተው ቆሙ፤ ሬዲዮውን በነጠላቸው አዝለውታል።

"ከናንተ ጋር ልውጣ ወይስ ልጠብቀው?" አሉኝ። "ክረምት ሲወጣ እመጣለሁ ይላል። ልጄ እንዲያው ቃል የሚወረውር አይደለም።"

"ይጠብቁት እንጂ፣ እትዬ" አልኳቸው። "ለእርስዎ ነው የላከው። ታዲያ ለማን ይሆናል? መጥቶ ቤቱን ባዶ ቢያገኘው ምን ይውጠዋል?"

"እውነትሽን ነው?"

"አብሽሩ፣ እውነቴን ነው።"

ፊታቸው በራ። "እንግዲያው መሪጌታን አስጽፌ እንደምጠብቀው እነግረዋለሁ" ብለው መረቁኝና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እኛ መንገዳችንን ቀጠልን።

በታኅሣሥ 1966 ዓባይ ጎድሎ ስንመለስ የእትዬ ወርቅዬ ቤት ወለል ብሎ ተከፍቷል። መስከረም ማለቂያ ላይ ነው የሞቱት። መሪጌታ ተክለ ሃይማኖትና ሁለት አቅም ያልከዳቸው ሰዎች ተጋግዘው ቀበሯቸው፤ አልቃሽ አልነበረም። እህል ነጋዴ ሬዲዮውን በጤፍ ሊለውጣቸው ደጅ ጠንቷቸው ነበር አሉ። "የልጄን አፍ አልሸጥም" ብለው መለሱት። ደጁንም እስከ መጨረሻዋ ቀን አልዘጉትም።

ደብዳቤው ሐምሌ ላይ በመኪና መሄዱንም ሰማሁ። ደሜ የፈላው ያኔ ነው። ይህ ሰው የእናቱን ራብ በወረቀት አንብቦ፣ አጥፎ ኪሱ ከትቶ፣ ሌላ ዘፈን ሊጽፍ ተቀመጠ ማለት ነው! ሌሊትና ቀን ይህንኑ ሳመነዥክ ከረምኩ።

አምባቸው ጥር ላይ መጣ። ለሩቅ ሐዘንተኛ ልቅሶው እንደ አዲስ ይወጣለታል፤ ሬሳ ባይኖርም የሟች ልብስ ሜዳው ላይ ይያዛል። እትዬ ወርቅዬ ግን ልብስ አልተረፋቸውም፤ ተሽጦ ተበልቷል። ስለዚህ እኔ ሬዲዮውን አነሳሁ። በሁለት እጄ ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ ይዤ ክቡ ፊት ቆምኩ። አምባቸው ጥቁር ኮት ለብሶ መሃል ቆሟል፤ ሬዲዮውን ሲያይ ደረቱን ይደቃ ጀመር።

ከዚያ የራሱን ዘፈን አወረድኩበት። አንድ ቃል አልቀየርኩም። ዜማውን ብቻ ከጭፈራ ወደ ልቅሶ አወረድኩት፤ ጎትቼ፣ ከሆዴ አውጥቼ። "ክረምቱ ሲወጣ እመጣልሻለሁ" ስል ሴቶቹ ተቀበሉኝ። በመጀመሪያው ዙር ምን እንደሆነ አልገባውም። በሁለተኛው ገባውና ቀና ብሎ አየኝ። ሐዘንተኛ ከመሃል አይወጣም፣ ለአልቃሽም መልስ አይሰጥም፤ ደንቡ ነው። ይህን አውቃለሁና ጨመርኩለት፦

ደብዳቤ አስጽፋ ራቧን ብትነግረው፣
ልጇ እያነበበ ዘፈን አማረው።

ሜዳው ተናወጠ። አሮጊቶች እያለቀሱ መሬት ላይ እንትፍ አሉ። አንዱ ሽማግሌ "የማይረባ!" ሲል ጮኸ። አምባቸው ደረቱን ይደቃል፤ ሌላ ምን ያድርግ? ደስ አለኝ። በልቅሶ ላይ ደስ ብሎኝ የሚያውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰው ሲበተን ጓሮ ፊቴን ስታጠብ መጣ። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጀሁ። ከኮቱ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋልኝ።

"ደብዳቤው ይኸው። ያስነብቡት፣ እትዬ እታገኘሁ።"

"ሐምሌ ደርሶሃል አይደል? መስከረም ላይ ለምን አልመጣህም?"

"ደህና ነኝ ብላ ነበር። ለገና እመጣለሁ ብዬ አዘገየሁት።" ወረቀቱን እጄ ላይ አኖረው። "ያስነብቡት ብቻ" ብሎ ሄደ።

ፊደል አልቆጠርኩም። ወረቀቱን ይዤ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። ገና ሲያዩት የራሳቸውን እጅ ጽሑፍ አወቁትና ማንበብ ጀመሩ፦ "ለተወደድከው ልጄ ለአምባቸው። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። አገሩም ሰላም ነው።"

"ምን ደህና!" ብዬ ጮህኩ። "እየሞቱ አልነበረም እንዴ?"

"ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲህ ነው" አሉ መሪጌታ፣ ግራ ገብቷቸው። "በዕድሜዬ ሌላ አጀማመር ጽፌ አላውቅም። ራቤን ጻፍልኝም አላሉኝ፤ ነውር ነዋ፣ ገመናን እንዴት በመኪና ይልኩታል?"

"ይቀጥሉ።"

"በሬዲዮ የላክህልኝ ቃል ደርሶኛል። ለኔ የላከው ይሆን ብዬ ብጠራጠር እታገኘሁ እውነት መሆኑን አረጋገጠችልኝ። ከሷ ጋር ወደ ጎጃም ልወጣ ነበር፤ ይጠብቁት ብላ አስቀረችኝ። ባትነግረኝ ኖሮ መጥተህ ባዶ ቤት ታገኝ ነበር። እግዜር ይስጣት። ደጄን አልዘጋም።"

መሪጌታ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። ቀና ብለው አላዩኝም።

እስከዚያ ቀን ድረስ ለማጽናናት ነው ያልኳቸው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ውሸት ነው። ያን ጠዋት ደጄ ቆመው ሲጠይቁኝ እኔ ፊታቸውን አልነበረም ያየሁት፣ እግራቸውን ነው። አብጧል። ዓባይ በረሃ ቁልቁል ስንት ቀን ይጎተታሉ? የያዝነው አንዲት ቁና ጥሬ ነው፤ ለሦስት ያልበቃው ለአራት ሊከፈል? አይሆንም እንዳልላቸው አፈርኩ፣ ኑ እንዳልላቸው ፈራሁ። ዘፈኑን አገኘሁና ከሱ ኋላ ተደበቅኩ። ይኸው ነው። አምባቸው ይህን ወረቀት ኪሱ ይዞ መሃል ሜዳ ሲሰደብ አንድ ቃል አለመተንፈሱ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ምን አለበት አውጥቶ ቢያዋርደኝ?

ዝም አልኩ። ግጥሙ ግን ዝም አላለም። በዚያ ዓመት ሰው የማይሞትበት ቀን አልነበረም፤ በየልቅሶው "ያንን የአምባቸውን አውርጂልን" ይሉኛል። አወረድኩ። ሴቶች እስከ ወግዲ ድረስ ያዙት። ሰው ልጁን ሲመርቅ "እንደ አምባቸው አትሁን" ይል ጀመር። እኔ ፊት ይሉታል፣ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ።

የእትዬ ወርቅዬ ሙት ዓመት የደረሰው ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት መስከረም ማብቂያ ላይ ነው። ሬዲዮ ያለው ሰው ሁሉ የሚሰማው ሰልፍና አዋጅ ሆኗል። የፍቅር ዘፈን ጠፍቷል፤ የአምባቸው ዘፈን በእኔ አፍ ላይ ብቻ ቀርቷል። እሱ ከስቶ፣ ጢሙን አሳድጎ መጣ። ምን እንደሚጠብቀው እያወቀ ሄዶ መሃል ቆመ። ሰው አጉረመረመ። አንዳንዱ የመጣው ለተዝካሩ ሳይሆን ስድቡን ሊሰማ እንደሆነ ያስታውቃል።

ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩ። የራሱን ግጥም ሁለት ጊዜ አወረድኩ፣ ሴቶቹ ተቀበሉኝ። አምባቸው ዓይኑን ጨፍኖ የደብዳቤውን ግጥም ይጠብቃል። ከዚያም፦

ክረምቱ ሲወጣ ይመጣል እያልኩሽ፣
እኔ ነኝ፣ ወርቅዬ፣ ከመንገድ ያስቀረሁሽ።

የተቀበለኝ የለም። ሸዋረግ አፏን ከፍታ ታየኛለች። ካሳ ከወንዶቹ መካከል ራሱን ደፋ።

"ተቀበይኝ!" አልኳት። "እኔ ነኝ። እግራቸው ስላበጠ ጥያቸው ሄድኩ። ተቀበይኝ!"

አልቻለችም። ሬዲዮውን ደረቷ ላይ አስታቀፍኳትና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ መሃል ገባሁ። አልቃሽ ወደ መሃል ገብታ አታውቅም። አምባቸው ዓይኑን ገለጠ። ይቅር በለኝ አላልኩትም፤ ዛሬም አልለውም፣ መስከረም ላይ ያልመጣው እሱ ነው። እሱም አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ጎን ለጎን ቆመን ደረታችንን መድቃት ጀመርን። ሸዋረግ ሬዲዮውን ከፍ አድርጋ፣ እንባዋን በትከሻዋ ጠርጋ፣ ግጥሙን በሁለታችን ላይ ታወርደው ጀመር።