ከሦስት መቶ ጫማ በታች

ክላይቭ ፔንሃሊጎን አዲሱን አውሮፕላን የጠላው ገና ሳይገዛ ነው። አሮጌዋ እንደ አዲሱ ሁሉ ሞተር አልባ፣ ግን ሸራ የለበሰች፣ ጎማዋም ከሆዷ ሥር የማይታጠፍ ነበረች። የአካባቢውን ስንዴ ገበሬ ሁሉ ከኋላ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ መብረር ያስተማረው እሱ ነው። የበረራ ክለቡ ግን ወጣት ካልመጣ መዘጋቱ እንደማይቀር ገባውና ድምፅ ሰጥቶ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጎማው የሚታጠፍ አውሮፕላን አመጣ።

"ጎማ መሰብሰብ ለተማሪ ምን ያደርግለታል?" አለ ክላይቭ በስብሰባው ላይ።

"ይለምደዋል" አለችው ሊቀመንበሯ ትሩዲ። እሷም የሱ ተማሪ ነበረች። "አንተም ትለምደዋለህ። ካልለመድክ ሳንድዊች ትሠራልናለህ።"

ሰው ሳቀ። ክላይቭ ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ አውቋል። አሮጌዋ ተሸጣለች፤ በአዲሱ ማስተማር ካቃተው ሌላ የሚያስተምርበት የለም።

ቅዳሜ የመጀመሪያ ተማሪው ሌዋ ነበረች፤ የከተማው ሆስፒታል ነርስ፣ ያደገችው ፊጂ፣ ትልቅ ሰው በስሙ ብቻ መጥራት የማይሆንላት። ሊሳፈሩ ሲሉ የአውሮፕላኑ መጋዘን በር ላይ በገዛ እጁ በቀለም የጻፈውን ሕግ አሳያት፦ ከሦስት መቶ ጫማ በታች ተማሪ አይናገርም።

"ሳሳርፍ ወሬ አልፈልግም።"

"እሺ፣ አጎቴ።"

ሞተር ያለው ጎታች አውሮፕላን በገመድ ይዟቸው ወጣ። ገመዱን እንደለቀቁ ክላይቭ ጎማውን መሰብሰብ ነበረበት። ረሳው። ከታጨደው ማሳ በሚነሳው ሙቅ አየር እየተሽከረከሩ ወደ ላይ ሲወጡ አውሮፕላኑ ጥሩ እንደሆነ ለራሱ አመነ፤ ለትሩዲ ግን አይነግራትም።

ሊያርፉ ሲቃረቡ ትዝ አለው። "ጎማ" አለ፣ ኮራ ብሎ፤ እጀታውንም ሳበው። ወርዶ የነበረው ጎማ ተሰበሰበ።

ከፊት የተቀመጠችው ሌዋ በሷ በኩል ያለው እጀታ አብሮ ሲሄድ አየች። ከአጠገቡ የተለጠፈውን የታጠፈ ጎማ ሥዕልም አየች። ከፍታ መለኪያውንም አየች። አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው።

በሆዳቸው ሣሩን እያረሱ ሄደው ቆሙ።

"አይተሽ ነበር?" አለ ክላይቭ።

"አይቼ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ሁለት መቶ ሰማንያ ላይ ነበርን፣ አጎቴ።"

ክላይቭ ሕጉን ያወጣው ተማሪ እንዳያስደነግጠው ነው ብሎ ነበር የሚያምነው። አሁን ግን ተማሪ እንዳያርመውም ይሆን እንዴ ሲል አሰበ።

ትሩዲ በመኪና ደረሰች፤ ተንበርክካ የአውሮፕላኑን ሆድ አየች። የተፋቀው ቀለም ብቻ ነው።

"ምን ሆናችሁ?"

"እኔ ነኝ" አለ ክላይቭ። "እሷ አይታው ነበር። አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ።"

"የኔንም ዘግተኸው ነበር" አለች ትሩዲ፣ ጉልበቷን እያራገፈች። "ያኔ ግን የአሮጌዋ ጎማ አይታጠፍም ነበር።"

ያን ዕለት ከሰዓት ክላይቭ የበሩን ጽሑፍ ቀለም ቀብቶ አጠፋው። በአዲሱ አውሮፕላን እስኪፈተን ድረስም ማስተማር እንደሚያቆም ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እሱ ከፊት ተቀመጠ፣ ትሩዲ ልትፈትነው ከኋላ።

"ከሦስት መቶ በታች ዝም ልበል?" አለችው።

"ተናገሪ።"

ተናገረች። ስንት ዓመት ያጠራቀመችው እንደሆነ እንጃ፣ ጎማው መሬት ነክቶ፣ አውሮፕላኑ ቆሞ፣ ክንፉ ሣሩ ላይ ተጋድሞም አላበቃላትም። ክላይቭ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሰማ። ስትጨርስ ግን ሳንድዊች አላዘዘችውም።