ተነሥና ምታኝ

የሻዩ ትሪ ግድግዳው ላይ ተላተመና ብርጭቆው ሁሉ ለቀስተኛው እግር ሥር ተበታተነ።

«እሷ የቀዳችውን አልጠጣም!» አለ ወንድምየው። «አባባን የገደለ እጅ እኮ ነው፤ ደግሞ ሻይ ያዞራል እንዴ?»

ትሪውን ይዛ የነበረችው እህቱ እጆቿን እንደዘረጋች ቀረች። ሰፈሩ ሐኪሟ ይላታል። ሐኪም ሆና አይደለም፣ ገና የነርስ ተማሪ ናት። ጠዋት በአባቷ ሥጋ ቤት ቆማ ትመዝናለች፣ ከሰዓት ክፍል ትገባለች፣ ሲመሽ የሰባት ዓመት ልጇን አብልታ አስተኝታ መጽሐፏ ላይ ታንጎላጃለች። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው፣ ለማላገጥ። ይኸው አሁን ለቅሶ የተቀመጡለት አባት።

«ተው እንጂ አንተ!» አለች አክስትየዋ፣ የሟች ታላቅ እህት። ድምፅዋ በለቅሶ ብዛት ተዘግቷል። «የወንድሜ አፈር ገና አልደረቀም።»

«ያጠቧቸውን ሰዎች ጠይቂያ! ደረታቸው ሲነኩት ወደ ውስጥ ይገባል አሉ፣ እንደ ተረገጠ ቅርጫት። እኔ ደግሞ በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ። መሬት ላይ ተዘርረው፣ ላያቸው ላይ ተከምራ ስትደበድባቸው! አንተ እያለች! አባባን፣ አንተ!» ጣቱን ወደ እህቱ ቀሰረ። «ለቅሶው ያብቃ። ልጇን ይዛ ከዚህ ቤት ትወጣለች። የቀረውን ለፖሊስ ታስረዳለች።»

ለቀስተኛው አንገቱን ደፋ። ከጥግ በኩል አንዲት ጎረቤት ወደ ሌላዋ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ጣቷን የሰበረባትን መቼ ረሳችው ብለሽ ነው» ስትል ተሰማች። ሹክሹክታ እኮ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ እንደ ጩኸት ነው።

ሐኪሟ ስብርባሪውን በእጇ ለቅማ ጓዳ ገባች። መዳፏ ደምቷል። ልጇ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ትጠብቃታለች።

«እማ፣ አያዬን ደብድበሽው ነው?»

እናትየዋ የደማ መዳፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለች። ይኼን ጥያቄ ልጇ ብቻ ሳትሆን እሷም ራሷን ስትጠይቀው ነው የሰነበተችው።

አባትየው እጀ ከባድ ሰው ነበር። ከብት ሲጥልም፣ በር ሲያንኳኳም፣ ልጅ ሲገሥጽም ያው አንድ እጅ ነው። ሐኪሟ ልጅ ሳለች፣ ከተሰቀለው ሥጋ ጀርባ ተደብቃ ስታነብ አገኛትና በቢላው እጀታ እጇን አላት። የቀለበት ጣቷ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ቀረ። ወንድሟን ቢላ አያያዝ ሲያስተምረው ደግሞ አመል ነበረው፤ እጁን ባሳሳተ ቁጥር በስለቱ ጠፍጣፋ ጎን አንጓውን ይመታዋል። ያ ወንድም ዛሬ ጢሙ ሸብቶ እንኳ ከበስተጀርባው አንድ ሰው እጁን ካነሣ ዐይኑን ይጨፍናል።

ሰውየው ግን ይኼ ብቻ አልነበረም። ባሏ ጥሏት ጠፍቶ፣ ሕፃን አዝላ በዝናብ የመጣች ለት አባትየው ምንም አልጠየቃትም። የኋላ ክፍሉ ቁልፍ ጠፍቶ ነበርና በሩን በእግሩ ገንጥሎ ጣለው። ፍራሽ ወረወረላትና፣ «ግቢ» አላት። ደግነቱም እንዲሁ እየሰበረ ነበር የሚመጣው።

ትምህርት ጀመርኩ ስትለው መጽሐፏን አንሥቶ የአጥንት በርሜል ውስጥ ከተተው። ከደሙ አውጥታ፣ አጥባ፣ አደረቀችው። ስለ ልብ የሚናገረው ምዕራፍ እስከ ዛሬ ገጹ ቡናማ ነው።

ማታ ማታ በተረት ፈንታ ልጇን ታስቆጥራታለች። ፍራሹን ጠቅልላ ትንበረከክና፣ የቆመ ልብ እንዴት በእጅ እንደሚገፋ ትለማመዳለች። ትንሿ ፒጃማዋን ለብሳ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» አንድ ቀን አያትየው በር ላይ ቆሞ አያቸው።

«ሊጥ ነው እንዴ የምታሺው?»

«ትምህርት ነው፣ አባባ።»

«ልብ ከአጥንት ጀርባ ነው ያለው፤ ስንቱን ከፍቼ አይቻለሁ። እኔ ከወደቅኩ እንዲህ እንዳትዳብሽኝ። በደንብ ምቺ።» ሳቀ። ከዚያ ፍራሹን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ «ራት የታለ?» አለ።

የምሩን ይሁን የቀልዱን ማን ያውቃል? እሱ እንደሆነ አሁን አይጠየቅ።

የወደቀው ሥጋ ቤቱ ውስጥ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። መጥረቢያውን አንሥቶ ሳያወርደው ከነመጥረቢያው ተገነደሰ። ሐኪሟ ደሙና ፍልጥ አጥንቱ መሀል ተንበረከከች። ትንፋሽ የለም። አንገቱን ዳሰሰች፣ የሚመታ ነገር የለም። «መኪና ጥሩ!» ብላ ጮኸች፣ ደረቱ ላይ እጇን ደራረበችና ገፋች።

አጥንቱ ተሰበረ። ያን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ በየቀኑ አጥንት ከሚፈለጥበት ጠረጴዛ ላይ ትሰማው ነበር። እጇ ሊያቆም ፈለገ። መምህሯ ግን፣ «የጎድን አጥንት ቢሰበር ይድናል፤ ካቆማችሁ ነው የሞተው» ብላ ነግራቸዋለች። አላቆመችም። ሌላው ተሰበረ። ክንዶቿ ዛሉ።

«ጋሼ፣ ቀይረኝ!»

ወንድሟ ከሚዛኑ አጠገብ ቆሟል።

«ጋሼ! በናትህ ቀይረኝ!»

አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ከውስጧ የፈነዳው። ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው፣ በተሰበረው ደረቱ ላይ እየተወረወረች፣ «ተነሥ! አንተ ክፉ! ተነሥና ምታኝ! ጣቴን ስበረኝ! ተነሥ!» አለችው። መንገደኛው በር ላይ ተሰብስቦ ሰማ። መኪናው ሲመጣ ከላዩ ላይ ጎትተው አነሷት። እጆቿ አየሩን ሲገፉ ነበር።

እና እናንተዬ፣ እሷን እንቅልፍ የነሳት ይኼ ነው። መጨረሻ ላይ ልቡን ስትገፋ ነበር ወይስ አባቷን ስትመታ?

ትሪው በተወረወረበት ቀን አመሻሹ ላይ ወንድምየው ጠጥቶ ተመለሰ። ጓዳ ገብቶ በጥፊ አጮላት። ነጠላዋን አንገቷ ላይ እንዳለ ጨብጦ እየጎተተ ለቀስተኛው መሀል ወረወራት። ትንሿ እየጮኸች ተከተለቻቸው። ሁለት ሽማግሌዎች ሊይዙት ተነሡ፣ በክርኑ አንዱን ጥርሱን አለው።

«አሳዪያቸው!» አለ። የአባቱን ፍራሽ ከአልጋው ላይ ጎትቶ ፊቷ ጣለው። «ምን እንዳደረግሻቸው እዚሁ አሳዪያቸው! ሰው ሁሉ ይይልኝ!»

ሐኪሟ ከንፈሯ ደም እያንጠባጠበ ተነሥታ ተንበረከከች። ፍራሹን ጠቀለለችው። የአባቷ ጠረን፣ የጮማና የትምባሆ፣ ፊቷን መታት። እጆቿን ደራረበች፣ ጠማማ ጣቷን ከላይ። ገፋች።

ከበስተጀርባዋ ቀጭን ድምፅ፣ ከልማድ የተነሣ፣ ጀመረ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...»

ትንሿ ናት። እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ትቆጥራለች። ሠላሳ ስትል እናትየዋ እንደ ልምምዷ ጎንበስ ብላ ሁለት ጊዜ እፍ አለች፣ እንደገና ገፋች። ቆየት ብሎ አክስትየዋም በተዘጋ ድምፅዋ አብራ መቁጠር ያዘች። ፍራሹ አቧራ ይተፋል። ወለሉ ይንቀጠቀጣል።

«አያችሁ!» አለ ወንድምየው፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። «እንዲህ ነው የደበደበቻቸው!»

ሐኪሟ መግፋቷን ሳታቋርጥ ወደ ልጇ ቀና አለች።

«አዎ፣ ደብድቤያቸዋለሁ፣ የኔ ልጅ» አለች። «እንዲነሡልኝ ነው።»

ክንዶቿ ዛሉ። ዞር ሳትል፣ እንደዚያ ቀን፣ «ጋሼ፣ ቀይረኝ» አለች።

አክስትየዋ ቀስ ብላ ወደ ወንድምየው ዞረች።

«ያን ቀንም ጠርታህ ነበር?»

«ጠርታኛለች።»

«እና ምን አደረግህ?»

ግዙፉ ሰውዬ እንደ ትንሽ ልጅ ከንፈሩን ነከሰ። «ፈራሁ፣ አክስቴ» አለ። «ቢነቁስ? ነቅተው የኔን እጅ ደረታቸው ላይ ቢያገኙትስ?»

ወንድምየው መጣና እህቱ አጠገብ በጉልበቱ ወደቀ። ጡጫውን ጨብጦ ፍራሹ ላይ አነሣ፣ ሊመታ እንዳሰበ ሰው። ከዚያ እዚያው አየር ላይ ቀረ። እንዴት እንደሚያሳርፈው አያውቅም።

ሐኪሟ በደማች መዳፏ አንጓውን ያዘችው። እሱ ዐይኑን ጨፈነ፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰበሰበ፣ የአባቱን ስለት ጠበቀ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታችለት። መዳፉን ፍራሹ ላይ ዘርግታ ትንሽ ወደ ታች፣ ትንሽ ወደ መሀል አመጣችው።

«እዚህ ጋ» አለችው።

ትንሿም ከአንድ ጀመረች።