እኩል የጠቆረው ምድጃ

ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። ፊደል ቆጥረው ውሃ ሳይገነፍልባቸው ማፍላት የማይችሉ ስንቱን አይቻለሁ። እኔ የማነበው ሌላ ነገር ነው፤ የተቃጠለ ጣሳ አነባለሁ።

ልጄ የመንገድ ቀያሽ ነው። ሥራ የጀመረ ሰሞን በድንኳን ከበረሃ በረሃ ሲዞር፣ ቀዝቃዛ ምግብ እየበላ ሆዱን አመመው። ሦስት ድንጋይ ጎልቶ እንዳያነድ ነፋሱ ፍሙን ከነአመዱ ይዞበት ይሄዳል። ስለዚህ ምድጃ ሠራሁለት። ማንም አላስተማረኝም። ትልቅ የቲማቲም ጣሳ ወስጄ፣ አነስ ያለ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጡ አስቀመጥኩ፤ በሁለቱ መካከል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ተውኩ። የውጪውን ግርጌ ዙሪያውን በሚስማር በሳሁ፤ የውስጡን ቂጡን እንደ ወንፊት፣ ከከንፈሩ ሥር ደግሞ አንድ ረድፍ። አየሩ ከታች ይገባል፣ በክፍተቱ ሲወጣ ይሞቃል፣ ከላይ በረድፉ ገብቶ ጭሱን ራሱን ያነደዋል። በሁለት እፍኝ ጭራሮ አንድ ድስት ይፈላል። ስትበሱ ጣሳው እንዳይጨረማመት እርጥብ አሸዋ ሙሉበት። ይህን ለማንም አልነገርኩም ነበር። አሁን ነገርኩ፤ ምን ቀረብኝ።

ጣሳ ስስ ነው፤ በሁለት ወር ተቃጥሎ ያልቃል። ስለዚህ በየሁለት ወሩ በልጄ በኩል ለሚያልፍ ለአንድ የጭነት መኪና ሹፌር አዲስ እሰጠዋለሁ፤ እሱም አሮጌውን ከልጄ ተቀብሎ ያመጣልኛል። «እንዳትጥለው» ብዬው ነበር ልጄን፤ «የት እንደተበላ አይቼ አዲሱን አጠነክረዋለሁ።» እንዲያ ብዬ ጀመርኩ እንጂ፣ እያደር ደብዳቤዬ ሆነ። ጥላሸቱ የወፈረበት ጎን ነፋሱ ከየት እንደሚመታው ይነግረኛል። ከንፈሩ ላይ የደረቀ ነጭ ነገር ካለ፣ ሩዙን ጥዶ እንቅልፍ ወስዶታል ማለት ነው። የሚያጣብቅ ጥቁር ከያዘ እንጨቱ እርጥብ ነበር፤ ዝናብ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ጎኑ ተጨፍልቆ መጣ። ደወልኩና «ማነው ያናደደህ?» አልኩት።

«እንዴት አወቅሽ?» አለ ደንግጦ።

«በእርግጫ የተመታ ጣሳና የወደቀ ጣሳ አንድ አይደለም።»

በስልክማ ከአፉ የሚወጣው «ደህና ነኝ እማ» ብቻ ነው። እኔም ከስልኩ ይልቅ ጣሳውን አምን ነበር።

በሰባት ዓመት ሁለት ጊዜ ነው የመጣው፣ ሁለቱንም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት። ጎረቤቶቼ «ያ ልጅሽ ጠፋ እኮ» ሲሉኝ፣ «የእናንተ ልጆች እየመጡ በራችሁ ሥር የሚንጋለሉት የእኔው ልጅ መንገድ ስለሚቀይስላቸው ነው» እያልኩ አፋቸውን አስይዛለሁ። በረሃ ነው ያለው። በረሃ ያለ ሰው አልመጣም ተብሎ አይወቀስም። በዚህ ነበር የምኖረው።

ታዲያ አንድ ቀን ሹፌሩ አሮጌውን አምጥቶ ሰጠኝ፤ በር ላይ ቁጭ ብዬ አገላበጥኩት። ጠቁሯል። ግን ዙሪያውን እኩል ነው የጠቆረው፤ በብሩሽ የተቀባ ይመስል። ነፋስ የሌለበት በረሃ የት ነው ያለው? በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ጥላሸቱ እንደ ዱቄት ረገፈ፤ ከሥሩ ቆርቆሮው እንደ አዲስ ያበራል። ሁለት ወር እሳት የበላ ቆርቆሮ ሰማያዊ ይሆናል፣ ይላላጣል እንጂ አያበራም።

ደወልኩ። «እዚያ ነፋስ የለም እንዴ?»

«ኧረ እማ፣ ድንኳን ይነቅላል!» አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁና ምድጃ ሠራሁ። ይህኛውን እንደ ዓመሉ አልሠራሁትም። የውጪውን ጣሳ አሳምሬ በሳሁ። የውስጡን ግን አንድም ቦታ አልነካሁትም፤ ቂጡ ድፍን፣ ከንፈሩ ድፍን። ለዓይን ሙሉ ምድጃ ነው። እንጨት ሲገባበት ግን ዓይን እስኪያጠፋ ይጨስና ይሞታል። አንድ ምሽት ውሃ ሊያፈላበት ከሞከረ፣ በማግስቱ ደውሎ «እማ፣ ዘንድሮ አረጀሽ መሰለኝ» ይለኛል። እንዲለኝ ለመንኩ። ሰባ ዓመት ሙሉ ማንም አረጀሽ እንዲለኝ ፈልጌ አላውቅም፤ ያኔ ግን ስልኩን ብብቴ ሥር ይዤ፣ ሰደበኝ አልሰደበኝ እያልኩ ሁለት ወር ከረምኩ።

አልሰደበኝም። ሹፌሩ መጣ፤ ምድጃዬንም ጠቁሮ፣ ዙሪያውን እኩል ጠቁሮ አመጣው።

«እማማ፣ እንደ ጉድ ነደደ ብሎሻል። ከእስከ ዛሬው ሁሉ ይበልጣል አለ።»

«እንደ ጉድ?»

«እንደ ጉድ!»

«እስቲ ና። አንተ ሞተር ታውቃለህ። አየር ማስገቢያውን በጨርቅ ጠቅጥቀህ መኪናህን አስነሳልኝ።» የውስጡን ጣሳ መዝዤ ድፍን ቂጡን አሳየሁት።

ኮፍያውን አወለቀ። መልሶ አደረገ። «እማማ፣ በሞቴ፣ እኔን እዚህ ነገር ውስጥ አታስገቢኝ።»

«ሰባት ዓመት ተሸክመኸው ስትገባ ስትወጣ የኖርክ ሰውዬ፣ አሁን ማን ያስገባሃል? የት ነው የምታስረክበው?»

«ቢሮው በር ላይ።»

«የምን ቢሮ?»

«ያው… ከመስክ ወደ ቢሮ አዛውረውት የለም እንዴ፤ ሦስት ዓመት አለፈው እኮ። አምስተኛ ፎቅ ነው።» የፊቴን መለወጥ ሲያይ ጨመረበት፤ «ሊፍት አለው።» ሊያጽናናኝ መሆኑ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ይኸው ነው። ከተማውን ጠየቅኩት፤ ነገረኝ። ከእኔ በር በአውቶብስ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ጠዋት የተነሳ ሰው ምሳውን እዚህ ይበላል።

ሹፌሩን ሸኝቼ ደወልኩ።

«ወጥ ቤትህ በምንድነው የሚያበስለው?» አልኩት።

«ምን አልሽ እማ?»

«ወጥ ቤትህ ነው ያልኩህ። ሰምተሃል።»

«በኤሌክትሪክ ነው» አለ።

«ጣሳውን በምን ነበር የምታጠቁረው?»

«በፊት በፊት በእንጨት ነበር፤ በኋላ ሰለቸኝ። አሁን በጋዜጣ… ትንሽ ዘይት አድርጌበት። ጣሪያ ላይ ወጥቼ።»

«ግድግዳ ተጠግተህ፣ ነፋስ በማይደርስበት።»

«አዎ። ጎረቤት ጭሱን እንዳያይብኝ።»

አርባ ዓመት የሞላው ሰው፣ ጣሪያ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ እናቱን ለማታለል ጋዜጣ ሲያነድ ታየኝ። ልስቅም ልረግምም ቃጣኝ።

«ምን ላድርግ እማ» አለ። «ጣሳውን ስታቆም ምን ትሠራለች ብዬ ፈራሁ። እጅሽ ሥራ ካልያዘ ትታመሚያለሽ።»

«ስለ እጄ ተወው። እጄን እኔ አውቅበታለሁ። እግርህን ምን ያዘው?»

የዚህን መልስ ቢሯቸው አላስተማረውም መሰለኝ። እኔም አላገዝኩትም። ከዚያ «ወሩ ሲያልቅ እመጣለሁ» አለ።

«አትምጣ አላልኩም» ብዬ ዘጋሁት።

መጣ፤ ሐሰት አልናገርም፣ መጣ። ጫማው ያበራል፤ ፀጉሩ ከጎን ከጎኑ ሸብቷል። እንዲህ መሸበቱን ማን ነገረኝ? አልጋዬ ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠ። ሁለቱን እጆቹን የት እንደሚያስቀምጣቸው አላወቀም፤ አንዴ ጉልበቱ ላይ፣ አንዴ ኪሱ ውስጥ። ያቀረብኩለትን ምስር ሁለት ጊዜ ጎርሶ «ጠገብኩ» አለ። ስለ ሥራው ጠየቅኩት፤ «ያው ወረቀት ነው» አለ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፤ «ያው እርጅና ነው» አልኩት። ሁለታችንም ለካ ወሬ አልለመድንም። ሰባት ዓመት ያወራነው በጣሳ ነበርና፣ ቆርቆሮው ከመሃል ሲነሳ አፋችን ባዶውን ቀረ።

«ለምን ከእኔ ጋር አትኖሪም?» አለኝ ሊሄድ ሲል። «ክፍል አለኝ። ሙቅ ውሃ አለ።»

«እኔ እዚያ ምን ልሥራ?»

«ምንም። ታርፊያለሽ።»

«እንዲህ ያለውን እረፍት የሚሰጥ ሌላ ቦታ አለ፤ ሲደርስ በአራት ሰው ሸክም ይወስዱኛል። አንተ ለምን ትቸኩላለህ?»

ሳቀ። የልጅነት ሳቁ ነው፤ ከመጣ ጀምሮ ያወቅኩት ነገር እሱ ብቻ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲጀምር ሰዓቱን አየ። አውቶብሱ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚነሳው።

እስከ ፌርማታው ሸኘሁት። ምንም አላስያዝኩትም፤ እሱም ስጪኝ አላለም። በመስኮት «ስደርስ እደውላለሁ» ብሎ ጮኸ።

«ደውል!» አልኩ። «ግን ያን ደህና ነኝህን አትድገምብኝ። የሆነውን ንገረኝ!» ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ።

ማታውን ደወለ።

«ገባሁ እማ። ድንች ቀቅዬ በላሁ።»

«በሰለ?»

«መሃሉ ትንሽ ጥሬ ነበር።»

«ለምን አልታገስክም?»

«ራበኝ።»

«ምሳህን መቼ በላህልኝና።» ቀጥሎ የሚመጣ መስሎኝ ጆሮዬን አስጠግቼ ጠበቅኩ። ትንፋሹ ይሰማኛል። «ሌላስ?»

«በቃ፣ ይኸው ነው እማ።»

«እሺ» አልኩት።