ስምንት ከበቡን

ጡረተኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሁለቱም ዓይኖቹ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በፋሻ ታስረው ቤቱ ሲመለስ፣ ሐኪሙ ለልጁ ሦስት ትእዛዝ ሰጥቷት ነበር። ለአንድ ሳምንት እንዳያጎነብስ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሳ፣ እንዳያለቅስ። የመጀመሪያውን ገና ደጃፉ ላይ ጫማውን ሲፈታ ጣሰው። ሁለተኛውን ደግሞ ወንበሩን በዳበሳ አንስቶ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲያስጠጋ። ሦስተኛውን ግን ልጅቷ እንደ ዓይን ብሌን ልትጠብቅ ለራሷ ማለች።

«ጨዋታዬስ?» አለ አባትየው። ስለ ዓይኑ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንድ ተዋጊ ሃያ ስድስት ወለል ያለው የምድር ውስጥ ዋሻ ይወርዳል፤ በየወለሉ ጭራቅ ይጠብቀዋል። ከሞተ ሞተ ነው፣ እንደገና ከአንድ መጀመር ነው፤ ዋሻውም ቅርፁን ለውጦ ይቆያል። አባትየው ሚስቱን ከቀበረ ጀምሮ ዘጠኝ ወር ሙሉ በአንድ ተዋጊ ወርዶ ሃያ አምስተኛው ወለል ላይ ደርሷል። ከኋላው አረንጓዴ ካባ የለበሰች ባለ ጦር ሴት ትከተለዋለች። ለተከታይ ስም ማውጣት ስለሚቻል «ጠይሜ» ብሏታል። ሚስቱን አርባ ዓመት የጠራት በዚሁ ስም ነው። እናትየው ብታይ ኖሮ «ደግሞ ከአይጥና ከጭራቅ ጋር ምን አዋለኝ?» ብላ ታፋጥጠው ነበር፤ ልጅቷ ግን ስሙን ስክሪኑ ላይ ያየች ቀን ምንም አላለችም።

«አንቺ ቁልፉን ትጫኛለሽ፣ ያየሽውን ትነግሪኛለሽ። የማዘው እኔ ነኝ» አላት። «ስሚ፣ ይሄ መጥረቢያ እንደ ሰይፍ አይደለም። ሰይፍ የያዘ ሰው ጠባብ መተላለፊያ ይፈልጋል፣ አንድ በአንድ እንዲመጡለት። መጥረቢያው ግን ዙሪያውን ነው የሚጠርገው። በአጠገብሽ ባሉት ስምንት ካሬዎች ላይ የቆመውን ሁሉ በአንድ ምት ያገኘዋል። መተላለፊያ ውስጥ ከተወሸቅሽ አባከንሽው። መሀል ሜዳ ወጥተሽ ቁሚና ይክበቡሽ።»

«ይክበቡኝ?»

«ይክበቡሽ። ከሦስት ካነሱ አትሰንዝሪ፣ ትርፉ ድካም ነው። ሲበዙ ቁጥሩን ንገሪኝ።»

ቁጥርማ እንጀራዋ ነው። የአንድ ማተሚያ ቤት ዕቃ ቤት ኃላፊ ናት። እዚያ መጀመሪያ የሚነገረው ድምሩ ነው። «ስንት ካርቶን ገባ?» ሲሏት «አርባ» ትላለች፤ ስንቱ ወረቀት፣ ስንቱ ቀለም እንደሆነ የሚጠየቀው ቀጥሎ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስትቆጥር ኖራለች።

ሦስት ቀን በሰላም ሄደላቸው። አባትየው ጋደም ብሎ ያዛል፣ እሷ ትጫናለች፤ አራት ሲከቧቸው አንድ ምት፣ አምስት ሲከቧቸው አንድ ምት። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰፊ አዳራሽ ገቡ፤ ጭራቆቹም ከየበሩ ጎረፉ።

«ስንት ሆኑ?»

ልጅቷ ቆጠረች። አንድም ባዶ ካሬ የለም። «ስምንት። ዙሪያው ሞልቷል።»

«ስምንት!» አባትየው ከትራሱ ቀና አለ። «በዘጠኝ ወር አንድ ቀን እንኳ ስምንት ሆነው ከበውኝ አያውቁም። በይ ሰንዝሪ!»

ተጫነች። ከድምፅ ማጉያው ጩኸት በጩኸት ላይ ተደራረበ። አዳራሹ ጸዳ፤ ከስክሪኑ ግርጌ አንዲት መስመር ቀረች። «ጠይሜ ሞታለች።»

ልጅቷ ክው አለች። መስመሯን ሦስት ጊዜ አነበበቻት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ናት። ከስምንቱ ካሬ በአንዱ ላይ የቆመችው ባለ አረንጓዴ ካባዋ ነበረች። አይታታለች፣ ቆጥራታለችም፤ ድምሩ ውስጥ ከትታታለች። ያን ጊዜ የአባቷ የግራ እጅ ትንሿ ጣት ትዝ አለቻት። እሱ ራሱ ሲጫወት፣ ከመሰንዘሩ በፊት ሁልጊዜ ጥግ ላይ ያለችውን ቁልፍ ነካ ያደርጋል። የሽማግሌ ልማድ ነው ብላ ስቃበት ታውቃለች። ጣቱ የሚያውቀውን አፉ ሊነግራት ረስቶ ኖሯል። ቁልፏን ነካቻት። ስክሪኑ መለሰላት፦ «ወደ ኋላ ቆሞ የሚጠብቅ የለም።» ተከታይን ወደ ኋላ አቁማ የምታስጠብቅ ቁልፍ ኖራለች።

አባትየው ተመልሶ ትራሱ ላይ ጋደም አለ።

«አለቁ?» አለ።

«አለቁ።»

«ጠይሜስ?»

አንድ ጊዜ የቀበራትን ሚስቱን እሷ ደግማ የገደለችበት መሰላት። ሐኪሙም ትዝ አላት። እንዳያለቅስ።

«አለች» አለች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን እያደር ከበዳት። በየጠዋቱ ገና ሳይነሳ «ጠይሜስ?» ይላል። «አለች» ትላለች። አንድ ቀን «ምን ትሠራለች?» ሲላት «ጦሯን ትወለውላለች» አለችው፤ እሱም ከፋሻው ሥር ፈገግ አለ።

በሰባተኛው ቀን ፋሻው ተፈታ። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ አባትየው የመንገዱን ሰሌዳ ሁሉ እንደ ሕፃን ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ መጣ። ቤት እንደገቡ ልጅቷ ቀድማው ኮምፒዩተሩ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ ከማየትህ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ።»

«አውቃለሁ» አለ።

ልጅቷ ከኮምፒዩተሩ ፊት ዞር አለች።

«ዓይኔን እንጂ ጆሮዬን አላሰሩትም። ሰባት ጭራቅ ጮኸ፣ ከዚያ እሷ ጮኸች። ድምጿን ዘጠኝ ወር ለምጄዋለሁ። የቁልፏን ነገር ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ታዲያ ለምን በየቀኑ ጠየቅኸኝ?»

አባትየው አዲሶቹን ዓይኖቹን ወደ መስኮቱ መለሰ። «ከቀበርናት ወዲህ ‹ጠይሜስ?› ብዬ ጠይቄ ‹አለች› ያለኝ ሰው አልነበረም» አለ። «ስትዪኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ልጅቷ እጁን ያዘችው።

«ሳምንቱ አልቋል አይደል?» አላት።

«አልቋል፣ አባዬ።»

ያን ጊዜ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና አለቀሰ።