ግምት ቁጥር ዐሥራ አራት

ያን አረንጓዴ ምልክት ኮምፒውተሬ ላይ ያየሁበት ቀን ይረገም! እልል ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ሥራዬ እንዲህ ነው። የፋብሪካውን ማሽን በሂሳብ ቋንቋ እጽፈዋለሁ፤ በሩን፣ በሩ መዘጋቱን የሚያውቀውን ሴንሰር፣ ማስነሻ ቁልፉን፣ ከላይ ወርዶ ላሜራውን የሚጫነውን ብረት። ከዚያ ፕሮግራሙ ሊሆን የሚችለውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ይፈትሻል። ብረቱ የሰው እጅ ላይ የሚወርድበት አንዲት መንገድ ካገኘ ቀይ ያበራል፣ ካጣ አረንጓዴ። ማሽኑ ላይ የሚሠራው ደግሞ ባዳ አይደለም፣ ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ከሞተ ወዲህ እዚያው ማሽን ፊት ቆሞ በሚያገኘው ደመወዝ ነው ያስተማረኝ።

መጀመሪያ የበራው ቀይ ነበር። መንገዱ ስምንት እርምጃ አለው። በሩ ይከፈታል፣ ሴንሰሩ ግን «ዝግ ነው» ይላል። ሰባተኛው ላይ እጅ ይገባል፣ ስምንተኛው ላይ ብረቱ ይወርዳል።

ሥራ አስኪያጃችን፣ በሌለበት «ቶሎ ቶሎ» ነው የምንለው፣ አንገቱን አስግጎ አየና፣

«በሩ ተከፍቶ ሴንሰሩ ዝግ ነው የሚለው በምን ተአምር ነው?» አለኝ።

«ሰው ካታለለው» አልኩት።

«ማን ያታልለዋል? መመሪያው ይከለክላል። ሰኞ የማሽኑን አዲስ መቆጣጠሪያ ለፋብሪካው እናስረክባለን፣ እባክሽ ነገር አታብዢ።»

እኔም ነገር አላበዛሁም። «ሴንሰሩን ማንም አያታልለውም» ብዬ ግምት ቁጥር ዐሥራ አራትን ጨመርኩ። ፕሮግራሙ ሳይፈትሽ እውነት ብሎ የሚቀበላት አንድ መስመር ናት። አረንጓዴ በራ፤ ፈረምኩ።

እዚህ ላይ ስደርስ ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል። አውቅ ነበራ! ጋሼ ራት ላይ ነግሮኛል። ላሜራው ሲቀረቀር በሩን ከከፈቱት፣ ማሽኑ እንደገና እስኪነሳ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። በቀን አሥር ጊዜ ይቀረቀራል፤ ኮታው ግን አይቀንስም። ስለዚህ ፈረቃው ሁሉ፣ በሩ የተዘጋ እንዲመስለው ሴንሰሩ ላይ ማግኔት ይለጥፋል። «ይህን የሚያክል ማሽን እኮ በአንዲት ማግኔት ነው የምንሸውደው!» ብሎ ሲስቅ፣ አብሬው ስቄያለሁ።

ፋብሪካው መቆጣጠሪያውን በተረከበ በዐሥራ አንደኛው ቀን ብረቱ የጋሼ ቀኝ እጅ ላይ ወረደ። አራት ጣቶቹ ሄዱ። አውራ ጣቱ ብቻ ተረፈች።

ትናንት «ቶሎ ቶሎ» አደጋውን ለሚያጣሩት መርማሪዎች የሚሰጥ ወረቀት አዘጋጅቶ መጣ። «ሲስተሙ በሂሳብ ተረጋግጧል፤ ሠራተኛው ግምት ቁጥር ዐሥራ አራትን ጥሷል» ይላል። የጎደለው የኔ ፊርማ ነው። ከፈረምኩ ጋሼ ጥፋተኛ ተብሎ ይባረራል። ካልፈረምኩ የምባረረው እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ምንም ሳልደብቅ ለጋሼ ነገርኩት።

«እያወቅሽ ነው?» አለኝ።

«እያወቅኩ ነው፣ ጋሼ።»

በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ትራስ ላይ አስተካከለና፣ «እኔም እያወቅኩ ነው የለጠፍኩት» አለ። «ፈርሚና ሥራሽን ያዢ። አንድ ቤት ሁለት ሥራ ፈት አይችልም።»

ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ቢሮ ገብቼ ግምት ቁጥር ዐሥራ አራትን ሰረዝኩት። ወዲያው ቀይ በራ። ያው ስምንት እርምጃ፣ አንድም አልተለወጠ። አተምኩት፤ ግርጌው ላይ «ይህ መንገድ ከርክክቡ በፊት ታይቷል። ማግኔቱንም አውቅ ነበር። የደበቅኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩና ለመርማሪዎቹ በእጃቸው ሰጠሁ። ከምሳ በፊት ሥራ አስኪያጁ የቢሮ መግቢያ ካርዴን ተቀብሎ አሰናበተኝ።

ጋሼ ዘንድ ተመለስኩ። የወረቀቱን ቅጂ በግራ እጁ ይዞ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቀስ ብሎ አነበበው። ሰባተኛው እርምጃ ላይ ቆመ። ከዚያ አጥፎ ደረቴ ላይ አኖረልኝ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ እህቴ» አለኝ።

አልተቆጣም። ምነው ተቆጥቶኝ በነበር።